አምሳ አምስተኛው ቋጠሮ

ጋሼ ብሩሽ በዕድሜው «ለዘላለም» የሚለውን ቃል በአንድ ግድግዳ ላይ አራት ጊዜ ጽፏል፤ አራቱንም ጊዜ መልሶ የፋቀው ራሱ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ስለ እሱ ግማሹን አወቀ ማለት ነው።

ግድግዳው ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ረጅም አጥር ነበር። ሥራው ታፔላ መጻፍ ነው፤ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው ከታፔላ ቤት ተጠርቶ የዘመኑን ጌታ ፊት በአጥሩ ላይ ሣለ፤ ከሥሩም ለዘላለም ይኑር ብሎ ጻፈ። ሰውየው ስድስት ዓመት ቆየ። ቀጥሎ የመጣው ፂማም ነበር፤ ጋሼ ብሩሽ የፊተኛውን አገጭ በፂም ሸፍኜ ልገላገል ብሎ ጠየቀ፤ «ከሥሩ ጀምር» ተባለ። ፋቀ፣ ኖራ ቀባ፣ ሣለ፣ እንደገና ለዘላለም ብሎ ጻፈ። ሦስተኛው ትሑት ነኝ የሚል ዓይነት ነበር። ፊቴ አይሣል፣ እጄ ብቻ ይበቃል አለ፤ እጁ ግን ከአራት ሜትር እንዳያንስ አዘዘ። አራተኛዎቹ ሰባት ነበሩ፣ ተቃቅፈን እንሣል አሉ። ቀለሙ ሳይደርቅ እርስ በርስ ተባሉና በየሳምንቱ «ያንን ሰውዬ አጥፋው» የሚል ትእዛዝ ይመጣ ጀመር። መጨረሻ ላይ የቀረው አንድ ሰውዬ ነበር፤ በትከሻው ላይ ባለቤት የሌለው ክንድ ተንጠልጥሎበታል።

አጥሩ በስተኋላ ሊፈርስ ሲል ጋሼ ብሩሽ ሄዶ በመፋቂያው ጫፍ አንድ ቅርፊት አነሣ። አራቱም ዘላለሞች ተደራርበው፣ ደርቀው፣ አንድ ላይ ተነሡ። ውፍረታቸው የአውራ ጣት ጥፍር አያህልም። ያንን ቅርፊት በቆርቆሮ የሻይ ቅጠል ጣሳ ውስጥ ከብሩሾቹ ጋር ያስቀምጠው ነበር። «ይኸውልህ የዓለም መንግሥታት ማኅደር» ብሎ አንድ ቀን አሳየኝ። «አቧራ እንዳይነካው ነው የምጠብቀው፤ ራሱ አቧራ ሆኖ።»

ወደ እምነት የመጣውም በዚያው መንገድ ነው። የጥንት ነገሥታትን ታሪክ በቅዱሱ መጽሐፍ ሲያነብ አንዱ ይነግሣል፣ ይበድላል፣ ይሞታል፤ ልጁ ይነግሣል፣ ይብስበታል። ሌላው ሰው ይህን ሲያነብ ይሰለቻል። እሱ ግን ሳቁ መጣ። ይህን ያጻፈው የእኔን አጥር አይቶታል አለ፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ከእጁ አላስቀመጠም።

እኔ በማተሚያ ቤት ወረቀት ቆራጭ ነኝ። ትምህርቴም ከመቁረጫው ሥር ሲተርፍ ያነበብኩት ነው። የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ ብቻ የቤተ ክርስቲያናችን የሕንፃ ኮሚቴ ጸሐፊ አደረጉኝ። ይህን ታሪክ የማውቀውም ቃለ ጉባኤውን ስለያዝኩ ነው፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ደግሞ የሚያሳፍረኝ አንድ መስመር አለ። እሱም ይመጣል።

አዲሶቹ የትምህርት ክፍሎች ባለቁ ጊዜ ክፍሎቹን የሚያገናኝ ሠላሳ ሜትር ከስልሳ ሳንቲሜትር የሚሆን ኮሪደር ተሠራ። ልጆች ወደ ክፍል ሲገቡና ሲወጡ እንዲማሩበት የሰው ልጅ ታሪክ ከአዳም እስከ ዛሬ በግድግዳው ይሣል ተባለ። ሥራው ለጋሼ ብሩሽ ተሰጠው፤ እሱም ገመድ አመጣ።

ገመዱ ቀጭን፣ የግንበኛ ገመድ ነው። በየአርባ ሳንቲሜትሩ ቋጠረው። አንድ ቋጠሮ መቶ ዓመት ነው አለ። አባቶች እንደቆጠሩት ከአዳም እስከ ጌታ ልደት አምስት ሺህ አምስት መቶ፣ ከልደቱ እስከ እኛ ሁለት ሺህ፤ ሰባ አምስት ቋጠሮ፣ ልክ ሠላሳ ሜትር። በየቋጠሮው ወረቀት አሰረ፤ አዳም፣ ኖኅ፣ አብርሃም እያለ። ማንም በራሱ ቦታ ይቆማል፤ ማንም አይገፋም፣ ማንም አይጎተትም። ሌሎች ሠዓሊዎች መጀመሪያ የሚስበውን መርጠው ይሥላሉ፣ የማይስበውን ደግሞ በየስርቻው ይወሽቁታል። እሱ ገመዱን ዘርግቶ ወዴት እንደሚያደርሰው ቆሞ ያየዋል።

ገመዱ ደግሞ የሚያፍር ገመድ አልነበረም። ኖኅና የጥፋት ውኃ ከእሳት ማጥፊያው ሥር ወደቁ። ከዋናው መግቢያ ፊት ለፊት፣ ክቡራን እንግዶች ገብተው መጀመሪያ ዓይናቸውን በሚጥሉበት ቦታ፣ ሠላሳ ስድስተኛው ቋጠሮ አረፈ፤ ዮሴፍን ወንድሞቹ ሲሸጡት። አምሳ አምስተኛው ቋጠሮ፣ የጌታ ልደት፣ በሃያ ሁለተኛው ሜትር ላይ በጽዳት ዕቃ ክፍሉ በር ላይ አረፈ። መወልወያ፣ ሁለት ባልዲ፣ መጥረጊያና የበረኪና ጀሪካን የሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ናት።

ሰብሳቢያችን ይህን ሰምቶ መጣ። ሰብሳቢው ከአንድ ቢሮ በጡረታ የተገለለ ሰው ነው፤ ከቢሮው የተገለለው ግን ገላው ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ማኅተም በኮቱ የውስጥ ኪስ ይዞ ይዞራል፤ ለቅሶ ቤትም ይዞት ይሄዳል። ሲጸልይ እንኳ ለፈጣሪ ሪፖርት የሚያቀርብ እንጂ የሚለምን አይመስልም፤ የተከናወኑትን ይዘረዝርና በመጨረሻ «ስለ ትብብርዎ» ሊል ትንሽ ነው የሚቀረው። ጋሼ ብሩሽ «ባለማኅተሙ» ይለው ነበር።

ሰብሳቢው በሩ ፊት ቆሞ ወረቀቷን አነበበ። ከዚያ ባልዲዎቹን አየ።

«አንተ ሰው፣ ጌታችንን በመወልወያ ቤት በር ላይ ልትሥለው ነው?»

«እኔ አላመጣሁትም» አለ ጋሼ ብሩሽ። «ገመዱ ነው ያደረሰው።»

«ገመዱን ወዲያ በለው።»

«ወዲያ ቢባልስ። ያኔም የእንግዳ ማረፊያው ለትላልቅ ሰዎች ተይዞ ነበር ይባላል።»

ሰብሳቢው ይህን እንዳልሰማ አለፈው። የማይመቸውን ነገር አለመስማት የተካነበት ሙያው ነው። እኛስ የቱ ጋ ነን ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ብሩሽ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ወሰደውና መዳፉን በግድግዳው ላይ ለጠፈ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከተተከለ አርባ ዓመቱ ነው፣ አርባ ዓመት ደግሞ አሥራ ስድስት ሳንቲሜትር ነው፤ ስንዝር እንኳ አይሞላም። ሰብሳቢው መዳፉን ትኩር ብሎ አየው፤ በሰብሳቢነት የቆየበት ዘመን እንዴት እንደሚታይ ጠየቀ። ጋሼ ብሩሽ ከመዳፉ ሁለት ጣት አስቀርቶ ሌሎቹን አጠፈ።

«አሥር ዓመት» አለ። «ይቺ ናት። እኔም ከነዕድሜዬ ከአንድ ስንዝር ብዙ አላልፍ፤ አይክፋዎት።»

ከፋው።

በዚያው ሳምንት ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው ያቀረበው ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነበር፦ ልደቱ ከመወልወያው በር ተነሥቶ ለክብሩ በሚመጥን ቦታ፣ በዋናው መግቢያ ፊት ለፊት ይሁን፤ የዮሴፍ ወንድሞች ወደ ዳር ይገፉ፤ በዚህ ከሚገኘው ትርፍ ቦታ አምስት ሜትሩ የቤተ ክርስቲያኑ የአርባ ዓመት ታሪክ ከኮሚቴው አባላት ምስል ጋር ይሣልበት፤ የቀረው አበባ ይሁን። ሰባት ነበርን። አናጢው የራሱን ፊት በግድግዳ ላይ ሲያየው ይታየኝ ነበር፤ አፉ ሁሉ ረጥቦ ነበር። መምህሩ አንቀላፍቶ ስለነበር እጆች ሲነሡ ነፋስ እንደነካው ነገር የእሱም ተነሣ። የመዘምራኑ መሪ እህታችን እኔን አየችኝ። እኔ ደግሞ ሰብሳቢውን አየሁት፤ እሱም አየኝ። እጄን አነሣሁ። ማንም አላስገደደኝም። ስለ ክርስቶስ መከራ የተቀበሉትን ሰማዕታት ሳነብ ሃያ ዓመት ሆኖኛል፣ እንባ ይመጣኛል፤ የእኔ እጅ ግን አንድ ሽማግሌ ቢሮክራት ዓይኑን ስላሳረፈብኝ ብቻ እንደ ዱላ ቀጥ አለ። ሰባት ለዜሮ ብዬ ጻፍኩ። ያ መስመር ነው።

ሰኞ ጠዋት የውሳኔውን ደብዳቤ የወሰድኩለትም እኔ ነኝ። ጋሼ ብሩሽ መሰላሉ ላይ ተቀምጦ ኖራ ይበጠብጥ ነበር። ወረቀቱን ወደ ፊቱ አስጠጋው፣ አፍንጫው እስኪነካው ድረስ፤ ከዚያ መልሶ ሰጠኝና አንብብልኝ አለ። በዚያ ጊዜ ነው ዓይኑ ምን ያህል እንደደከመ ያወቅሁት። የገዛ እጅ ጽሑፌን ለእሱ ጮክ ብዬ ማንበብ ነበረብኝ። ማኅተሙ ደግሞ ከሥር ክብ ሆኖ፣ ሰማያዊ ሆኖ፣ እንደ ሰብሳቢው ሆድ ተነፍቶ ተቀምጧል።

አልተቆጣም። ሐኪሙ ዓይንህ አንድ ዓመት ቢያደርስህ ነው ብሎታል።

«ለታፔላ ዓይን አያስፈልገኝም» አለኝ። «‹ቁጥር አንድ ፀጉር ቤት› ብዬ ተኝቼም እጽፈዋለሁ። በዚህ ሰፈር ሁሉም ቁጥር አንድ ነው፤ ቁጥር ሁለት ጽፌ አላውቅም። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ውሸት ነው ያሳመርኩት ወንድሜ። አንድ ግድግዳ፣ አንድ ብቻ፣ እውነት ጽፌ ብታወር አይቆጨኝም። እዚያም ላይ ለዘላለም ይኑር ልታስብሉኝ ነው።»

እጄን ማንሣቴን ነገርኩት። ሳይነገረውም ያውቅ ነበር መሰለኝ፤ ብሩሹን በቲነር ያጥብ ጀመር። ከዚያ፣ ነገ ከሰዓት ኮሚቴው ሁሉ ይምጣ፤ ገመዱን በፊታቸው እቆርጣለሁ፣ የት ላይ እንደምቆርጥ ግን እነሱ ያሳዩኛል፤ ካላሳዩኝ ዕቃዬን ሰብስቤ እሄዳለሁ አለ። ጥሩ መቀስ ከማተሚያ ቤት አምጣልኝ ብሎ አዘዘኝ። እኔም አመጣሁ። ያን ጊዜ ምን አምጣ ቢለኝ እምቢ አልልም ነበር።

በማግስቱ ገመዱ ከነወረቀቶቹ በኮሪደሩ ርዝመት፣ በሰው ደረት ልክ ተወጥሮ ጠበቀን። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ እትዬ የምንላት ባሏ የሞተባት ሴት፣ በወዲያኛው ጫፍ ወለሉን ትወለውል ነበር። ጋሼ ብሩሽ መቀሱን ይዞ ቆመ።

ሂሳቡን አስረዳን፤ ልደቱ ከአምሳ አምስተኛው ቋጠሮ ወደ ሠላሳ ስድስተኛው ከመጣ አሥራ ዘጠኝ ቋጠሮ ይወጣል፣ አሥራ ዘጠኝ መቶ ዓመት ማለት ነው። «ከማን ላይ ልቁረጥ?» ብሎ መቀሱን ለአናጢው ሰጠው።

አናጢው ገመዱን ይዞ ሄደ፤ ኖኅ ጋ ደረሰ። ቆመ። መርከቡን የሠራ ሰው ነው፣ የሙያ ባልደረባ ነው፤ እሱ ላይ እጄን አላነሣም ብሎ መቀሱን ለመምህሩ አቀበለ። መምህሩ ሙሴ ጋ ሲደርስ ሕጉን ቆርጬ ነገ ልጆቹን ምን ላስተምራቸው ነው አለና ለመዘምራኑ መሪ ሰጣት። እሷ ገና ዳዊትን ከሩቅ ስታየው ራሷን ነቀነቀች። መቀሱ እንደ ትኩስ ድንች ከእጅ እጅ ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ፤ እኔ ወረቀት ቆራጭ ነኝ፣ በቀን አሥር ሺህ ወረቀት እቆርጣለሁ፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። በስብሰባው ዕለት እምቢ ቢለኝ ኖሮ ምናለበት።

ሰብሳቢው ትዕግሥቱ አልቆ መቀሱን ነጠቀኝና ወደ ኮሪደሩ መጀመሪያ ሄደ።

«ይህን ያህል ነገር ምን ያስፈልጋል» አለ። «ከአዳም እስከ ኖኅ። ሃያ ሁለት ቋጠሮ ሙሉ ምን አለበት? ወለደ፣ ሞተ፣ ወለደ፣ ሞተ። ስም ብቻ ነው።»

«እርስዎስ ከስም ሌላ ምን አለዎት?» አለ ጋሼ ብሩሽ።

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሰዓት ስንት ነው ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀው።

«እነሱ ስማቸውን ሌላ ጻፈላቸው» አለ ቀጥሎ። «እርስዎ የራስዎን ለማጻፍ መጡ። እኔ ደግሞ እንደዚህ ያለውን አራት ጊዜ ጽፌያለሁ፤ አራቱም ጣሳዬ ውስጥ አሉ። ለአምስተኛ ቦታ አለ፣ ቅርፊቱ ብዙ አይወፍርም።»

መቀሱ ገመዱን ነክሶ እንደያዘ ቀረ። ሰብሳቢው ዙሪያውን አየ፤ በቢሮ ዘመኑ እንዲህ ያለ ጊዜ አንድ ሰው ሁልጊዜ ይደርስለት ነበር። እትዬን አያት። እሷን መጠየቁ ለእሱ ብልሃት መስሎት ይሆናል፤ ድሀ ለጌታ ክብር ይቆረቆራል የሚል ሐሳብ አላቸው እንደ እሱ ያሉት።

«እትዬ፣ እስኪ አንቺ ፍረጂ። ጌታ በመጥረጊያሽ በር ላይ ቢሣል ደስ ይልሻል?»

እትዬ መወልወያዋን ባልዲው ላይ ጨምቃ አስደገፈችው።

«ደስታዬን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም» አለች። «በሩ ግን ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፣ ግድግዳ አይፈቀፍቀውም፤ ሥዕሉ ይቆያል። እጀታውን ብቻ አይቀቡብኝ፤ እጄ ሁሌ እርጥብ ነው።»

ከዚህ በላይ አልተናገረችም። በእውነቱ በዚያ ኮሪደር ውስጥ ሥዕሉ ይሣላል ብሎ የቆመ የመጀመሪያው ሰው እሷ ነበረች፤ እኛ ስለ ክብር ስንነጋገር እሷ ስለ እጀታ አሰበች። ሁለት ሺህ ዓመት ወደ ኋላም ቢሆን እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም፤ ሊቃውንቱ ሲከራከሩ አንዲት ሴት ውኃ አሙቃ፣ ገለባ አስተካክላ ይሆናል። ስሟን የጻፈ ያለ አይመስለኝም።

ያን ጊዜ ነው አፌ የተከፈተው። እጄን አውርጃለሁ አልኩ። ሰብሳቢው አልገባውም፤ የትኛውን እጅ አለ። በስብሰባው ያነሣሁትን፣ ቃለ ጉባኤው ላይም እጽፈዋለሁ አልኩት። ድምፄ እንደ ጀግና ድምፅ አልነበረም፤ እንደ ታመመ ድመት ነበር። ቢሆንም አናጢው «የእኔም ይውረድ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ፊቱ ከግድግዳው ላይ ሲጠፋ እያየ። መምህሩ በዚህ ጊዜ ነቅቶ ነበር፤ እሱም ሌሎቹም እጃቸውን አወረዱ። ሰብሳቢው ስድስታችንን ተራ በተራ አየን፣ መቀሱን በመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠ፣ የኮቱን የውስጥ ኪስ በመዳፉ ዳበሰ፤ ማኅተሙ አለ። ወጥቶ ሄደ። ገመዱ አልተቆረጠም።

ጋሼ ብሩሽ አምስት ወር ሠራ። ቀን ቀን ብቻ፣ ብርሃን በመስኮቶቹ በሚገባበት ሰዓት፣ ዓይኑ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ርቆ። በምድር ላይ ዘላለም ነን ያሉ ነገሥታት ሁሉ አሉበት፤ የባቢሎኑ፣ የፋርሱ፣ የሮሙ። የትኛውም ግን ከቋጠሮው አላለፈም። ሕዝብ ያስጨነቀ፣ ከተማ ያቃጠለ፣ ራሱን አምላክ ያሰኘ ንጉሥ በዚያ ኮሪደር ውስጥ አንድ እርምጃ አይሞላም፤ ልጆቹ ወደ ክፍል ሲሮጡ ሳያዩት ያልፉታል። ስለ እነዚህ ሰዎች ስንት ወፍራም መጽሐፍ ከመቁረጫዬ ሥር አልፏል! በሰው ታሪክ አንገቴን ደፍቼ የተዋረድኩባቸው ቀኖች ነበሩ፤ አሁን እዚያ ኮሪደር ውስጥ ስሄድ ግን እስቃለሁ፣ ከዚያም አመሰግናለሁ። የትኛውም ቤተ መንግሥት በር ላይ ያላረፈው ቋጠሮ ባልዲ ማስቀመጫ ላይ አረፈ። ከእነዚያ ሁሉ በሮች እንደኛ ላለ ሰው የሚከፈተው እሱ ብቻ ነው።

በሩን እትዬ እንዳለችው አደረገው። ጨለማ ግርግም፣ ከውስጡ በስንጥቅ የሚወጣ ብርሃን፤ እጀታው ሳይቀባ ብረቱ እንዳለ። በመጨረሻዎቹ አሥራ ስድስት ሳንቲሜትሮች ላይ፣ በእኛ ዘመን፣ ምን እንደሚሥል ማንም አልጠየቀውም፤ ፈርተን ነው። ከታች በኩል እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠኑ ሰባት የተነሡ እጆች ሣለ፤ ልጆች ሣር ይመስላቸዋል። ስድስቱ ዘንበል ብለዋል። የእኔ የትኛው እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ከሁሉም አብዝቶ የጎበጠው ነው።

ከዚያ ወዲያ እስከ ኮሪደሩ ማዕዘን የተረፈው ስልሳ ሳንቲሜትር ኖራ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሰብሳቢው በዚያ ነጭ ቦታ ላይ የኮሚቴው ስም የተቀረጸበት እብነ በረድ እንዲለጠፍ ጠይቆ ነበር። ጋሼ ብሩሽ ያ ቦታ የእኔ አይደለም፣ ባለቤቱ ይመጣል አለ። ሰብሳቢው ተጸጸተ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ አልተጸጸተም። እብነ በረዱን አሠርቶ ግቢው ውስጥ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ አስተከለው። ርግቦች ታንከሩ ላይ ያድራሉ፣ የሚያደርጉትንም ያደርጋሉ። አልፎ አልፎ እትዬ ትጠርገዋለች፤ ማንም ሳያዝዛት። እኔ አልጠርገውም፣ ገና እዚያ አልደረስኩም።

ባለፈው እሁድ ጋሼ ብሩሽን ክንዱን ይዤ ወደ ኮሪደሩ አስገባሁት። አሁን ምንም አያይም። ክንዴን ለቀቀና ግድግዳውን በመዳፉ እየዳበሰ ብቻውን ሄደ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ይቆጥራል። እሳት ማጥፊያው ጋ «ውኃው» አለ። በዋናው መግቢያ ፊት ለፊት ትንሽ ቆመና «ወንድማማቾቹ» አለ፤ አለፈ። ከመስኮቶቹ አንዱ ክፍት ነበር፣ የልጆች ጫጫታ ይገባል። እየቆጠረ ሄዶ ሄዶ ግድግዳው ወደ እንጨት ሲለወጥ ጣቶቹ ዝግ አሉ፤ ሥዕሉን በቀስታ ዳበሰና እጀታው ላይ ደረሰ።

ጨበጠው። ከዚያ እጁን አንሥቶ ጣቶቹን እርስ በርስ አሻሸ።

«እርጥብ ነው» አለኝ። «ዛሬም ተከፍቷል።»